ለፀሐይ የተጠራ ዋስ

መንገድ የምወድ ሰው አይደለሁም። ጉለሌ ተወልጄ፣ ጉለሌ አድጌ፣ ብየዳ በማስተምርበት ትምህርት ቤትና በቤቴ መካከል ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከላሊበላ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ይጠይቀኛል። ተሳልሜአቸዋለሁ፤ ግርማቸውም ከሚባለው በላይ ነው። የሄድኩት ግን ለእነሱ አልነበረም። የሄድኩት እህቴንና አንድ ሽማግሌን ከእፍረት ላድን ነው። እግራችሁ እዚያ ለማይደርሰው ከመነሻው ላውጋችሁ።

እህቴ ጽጌ ላሊበላ አስተማሪ ሆና ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የእሷ ጭንቀት ሴቶቹ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ መጥተው ነገ ይቀራሉ። ከሁሉ የቆጫት ስንዱ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አያ ሞላ፣ ገበሬው ሁሉ አፉን የሚያይለት ሙግተኛ፣ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ከፋሲካ በኋላ ሊድራት ቀን ቆርጧል። እሷን ካስቀረ ሌሎቹም ሴት ልጆቻቸውን ያስቀራሉ። ጽጌ ሽማግሌዎች ባሉበት ስትለምነው «ትምህርትሽ ምን ያውቃል?» አላት። እሷም ነገሩ አንገብግቧት፣ የካቲት አሥራ ስድስት ቀን ፀሐይ በግርዶሽ ተነክሳ እንደምትታይ አስቀድሞ ያውቃል፣ ከሆነ ስንዱን ይላኩ፣ ካልሆነ የማንንም ሴት ልጅ ሁለተኛ አልጠይቅም አለች።

አያ ሞላ «ዋስ ጥሪ» አላት።

በላስታ ቃል ብቻውን ሜዳ ላይ አይተውም። በሬ ለመዋስም፣ ከተጣሉት ለመታረቅም ዋስ ያስፈልጋል። ለፀሐይ ግን ዋስ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ሲስቅ የዳዊት አስተማሪው መርጌታ ተድላ ከተቀመጡበት ተነሥተው «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ። በልጅነታቸው አንድ ጊዜ ፀሐይ ስትነከስ አይተዋልና ነገሩ አላስደነቃቸውም። ነገር ግን ዋስነቱ የከሸፈበት ሰው እዚያ አገር ከሽማግሌ ተርታ አይቀመጥም፤ ለማስታረቅም የሚጠራው የለም። ጽጌ ይህን ሁሉ ጽፋልኝ ፀሐይ የሚታይበት የብየዳ መስታወት ይዤላት እንድመጣ ለመነችኝ።

የዘንድሮው፣ የአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለቱ ጾም መግቢያ ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤታችን ሻይ ቤት ተቀምጬ ይህንኑ ሳወራ፣ የፊዚክሱ አስተማሪ ስኒውን አስቀመጠና «ቅዳሜ እኮ ነው» አለኝ። እሑድ አሥራ ስድስት ነው ብዬ ተከራከርኩት። አሥራ ስድስቱ የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ የካቲት ስምንት ቀን ነው አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እህቴ ከፈረንጅ መጽሔት አንብባ ወሩን ወደ እኛ ስም ስትመልስ ቀኑን እዚያው ረስታዋለች! ፀሐይ በዚህ ቅዳሜ ማንም ሳይዘጋጅ ተነክሳ ትድናለች፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሙሉ ሆና ወጥታ በእህቴና በሽማግሌው ትስቃለች። ስንዱም ትዳራለች።

ስልክ ቤት ሄድኩ፤ ከደሴ ወዲያ መስመሩ ተበላሽቷል። ቴሌግራምም ከወልዲያ በኋላ የሰው እግር እንዳደረሰው ነው አሉኝ። ስለዚህ ማክሰኞን የይለፍ ወረቀት ሳወጣ ዋልኩና ረቡዕ በማለዳ የደሴ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

የመጀመሪያው ችግር ኬላ ላይ ጠበቀኝ። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ መስታወቶቹን አንድ በአንድ ዓይኑ ላይ ያደርጋል። ምንም አይታየውም። ደግሞ ያደርጋል። ምንም የማያሳይ መስታወት ለምን እንደምሸከም ጠየቀኝ። ለፀሐይ ነው አልኩት። ፀሐይን ያለ መስታወት ሲያያት እንደኖረ ነገረኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በእኔ ምክንያት ብርድ ላይ ቆሟል። በመጨረሻ አንዱን ሰጥቼው ወደ ሰማይ እንዲያይበት ለመንኩት። አየና መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ?» አለኝና አሳለፈን።

ደሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ብርዱ የእንጦጦን ያስንቃል፤ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተኛች ከተማ ናት። አልጋ የያዝኩበት ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት መስታወቶቼ ዱቄት ሆነዋል። የአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ የአንዲት እናት ጆንያ ጭኖበት ኖሯል፤ ጆንያው ውስጥ ደግሞ ለልጃቸው የሚወስዱት የወፍጮ መጅ አለ። ሴትዮዋ እዚያው ቤት አርፈው ስለነበር ሰምተው መጡና ከእኔ ይበልጥ አዘኑ። ሳይሰበር የተረፈ አንድ መስታወት ከስብርባሪው መካከል ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ በቀደዱት ጨርቅ ጠቅልለው በደረት ኪሴ ከተው፣ የቋጠሩትን በሶ ሰጥተውኝ ሄዱ። ሲበጠበጥ የገብሱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የእኛ ሰፈር በሶ ከዚያ ወዲህ አፈር አፈር ይለኛል።

ሐሙስ ሐይቅን በቀኝ እያየን፣ ውርጌሳን አልፈን ወልዲያ ገባን። ደሴ ሲያንቀጠቅጠኝ አድሮ ወልዲያ ኮቴን አስወለቀኝ። ወደ ላሊበላ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። መናኸሪያው በር ላይ ስንከራተት ሰይድ የሚባል ሾፌር አገኘኝ። ለቅዳሜ ገበያ ጨውና ላምባ ጭኖ በማግስቱ ይነሳል። ወዴት ታድራለህ ሲለኝ አላውቅም አልኩት፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ እናቱ ቤት ወሰደኝ።

እናቱ ጾም መሆኑን ከእኔ ይልቅ አስበውበታል። ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ከጎረቤት ተውሰው ሽሮ ሠሩልኝ፤ ከጎኑ ስልጆ አደረጉበት። ሰናፍጩ ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ «አይዞህ፣ የወሎ ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ነው» ብለው ሳቁብኝ። ስለ ፀሐዩ ስነግራቸው አልተገረሙም። በእስላሙ ዘንድ ኩሱፍ እንደሚባልና ሲሆን የሚሰገድለት ሶላት እንዳለ ሰይድ አጫወተኝ። ቀኑን ግን አስቀድሞ የነገረን አልነበረም አለ። እኔ አገሬ ላይ የጎረቤቴን እናት ስም እንኳ አላውቅም፤ እዚያ ግን ስሄድ በሩ ላይ ቆመው መርቀው ሸኙኝ።

ዓርብ የድልብን ዳገት ወጣን። የሰይድ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዋ፣ እንደ ነፍሰ ጡር እየተነፈሰች በየመታጠፊያው ታርፋለች። ላይ ስንደርስ አገሩ ሜዳ ሆነ፤ የገብስ አጨዳ ያለቀበት፣ ነፋስ የሚጋልብበት ደጋ። ጋሸና ላይ ሰይድ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን እያሳየኝ «ያኛው ወደ ፍላቂት ነው፤ የኛው ይሄ ነው» አለኝ። የኛው ያለው መንገድ ለመንገድነቱ ምስክር ያስፈልገዋል። ቁልቁል ስንንገጫገጭ ቆይተን፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ተከዜ አጠገብ የመኪናዋን ሸክም የሚችለው ባሌስትራ ተሰበረ።

ተከዜ ስል ትልቁን ወንዝ እንዳታስቡ። እዚያ ገና ልጅ ነው፤ የቀበናን ያህል እንኳ አይሆንም፣ ጫማ አውልቀው ይሻገሩታል። እኔ ግን ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ ልቤ ተሰበረ። መኪናዋ እስከ እሑድ አትነሳም፤ ላሊበላ ደግሞ ከፊቴ ዳገት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ሰይድ ከመንገዱ በላይ ወዳለ አንድ ጎጆ ወጥቶ ባለቤቱን ይዞልኝ መጣ።

ሰውየው አያ ካሳው ይባላል፤ ሚስቱ አልጋነሽ። አስገብተው እግሬን አጠቡኝ። ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እግሬን ሰው አጥቦኝ አያውቅም ነበርና ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። የገብስ እንጀራ በሽሮ በልተን ስናበቃ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ለስንዱ ያዘኑ መሰለኝ፤ አልጋነሽ እንዝርቷን አስቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። በሌሊት ከገበያተኛው ጋር ብነሳ በጊዜ እደርስ እንደሆነ ስጠይቅ አያ ካሳው እግሬን አየና በእግሬ እንደማልደርስ ነገረኝ። በቅሎ አለው። ነገር ግን እኔን አያውቀኝም።

«ዋስ አለህ?» አለኝ።

በዚያ አገር ከሰይድ በቀር የማውቀው የለም፤ ሰይድም ራሱ እንግዳ ነው። ተስፋ ቆርጬ ልተኛ ስል አልጋነሽ ለባሏ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለችው። አያ ካሳው ሊስቅ ፈለገና ተወው። በቅሎዋ ካልተመለሰች ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። ከአባቷ የመጣችውን ላም እንደምትሰጠው ነገረችው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ላማቸው፣ ሰይድን እማኝ አድርገው ሁለቱም እንደ ችሎት ኮስተር ብለው ተዋዋሉ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከገበያተኛው ጋር ወጣን። አህያው፣ ፍየሉ፣ የገብስ ስልቻው መንገዱን ሞልቶታል። በቅሎዋ ገደል ገደሉን መምረጥ ስለምትወድ ግማሹን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተጓዝኩት። አንዴ ጥላኝ ነበር፤ ሁለት ሴቶች አንስተው አቧራዬን አራገፉልኝና ከዚያ በኋላ በየተራ ልጓሟን ያዙልኝ። እኔ ኪሴን እየዳሰስኩ መስታወቴ ደኅና መሆኑን አየሁ። ነአኩቶ ለአብን በሩቁ ተሳልሜ ሳልፍ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሙሉ ናት። እንደዚያ ቀን ፀሐይን ደጋግሜ ሰርቄ ያየሁበት ጊዜ የለም።

ጽጌን ያገኘኋት ገበያው መካከል ነው። ስታየኝ ሳምንት ቀድሜ የመጣሁ መስሏት በደስታ ዘለለች። ቀኑን በጆሮዋ ነገርኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ስምንት ቀን በጣቶቿ ቆጥራ ጨረሰችና እጄን ይዛ ሮጠች። መርጌታ ተድላ ወይራው ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ አያ ሞላ ደግሞ ቅርብ ላይ ቁርበቱን አንጥፎ ገብሱን ይሸጣል። ስንዱ አጠገቡ ናት፤ አጠር ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ።

ጽጌ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ ቀኑን መሳሳቷን፣ የፈረንጅና የእኛን አቆጣጠር ማምታታቷን፣ ፀሐይ የምትነከሰው ዛሬ መሆኑን ተናገረች። አንዱንም አልደበቀችም። ኮራሁባት።

አያ ሞላ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተነሣ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። አሥራ ስድስት ብላለች። ዛሬ ስምንት ነው። ዋሱ ወድቋል» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሸኩ። መርጌታ ግን ረጋ ብለው ሙግቱን መለሱለት። ቀኑ ቢደርስና ፀሐይ ባትነከስ ኖሮ እውነት አለህ፤ አሁን ግን ፀሐይ ገና ሳትነካ፣ በእማኝ ፊት ቃሏን አስተካክላለች፤ ቃልን ቀኑ ከመድረሱ በፊት ማቃናት በእኛም ወግ ያለ ነው አሉት። ሽማግሌዎቹ ተቀበሏቸው። እንግዲህ የቀረው ለፀሐይዋ ነው።

ጥቂት ቆይቶ በመስታወቴ ሳይ ከታች በኩል፣ በስተቀኝ፣ ጥፍር የምታህል ጉድለት ታየችኝ። መስታወቱን ለመርጌታ አቀበልኳቸው። መስታወቱ ከመርጌታ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ያየ ሁሉ «እግዚኦ» እያለ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ያለ መስታወት ቀና ያሉትን ጽጌ ዓይናቸው እንዳይጎዳ እየዞረች ታስጎነብሳለች። አያ ሞላ ብቻ አልይዝም አለ።

«ባዕድ ያመጣው መስታወት ነው። ጉድለቱ መስታወቱ ላይ እንደሆነስ?» አለ። ቀጥሎም እጁን ዘርግቶ ገበያውን አሳየን። «ጨለማው የታለ?»

እውነቱን ነው፤ ጨለማ አልነበረም። ግርዶሹ ከፊል ነውና ብርሃኑ የሳሳ እንጂ የጠፋ አይመስልም። ብርዱ ትንሽ ተሰማን፤ የሰው ፊት እንደ ታመመ ገረጣ፤ እሱን ደግሞ ደመና ነው ቢለን ምን እንመልሳለን? ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ፀሐይም ቀኗን አክብራ፣ በአንድ ሙግተኛ ልንረታ ነው።

ስንዱ ይህ ሁሉ ሲሆን ገብስ ትነፋ ነበር። ወንፊቱ ባዶ ሲሆን ወደ ፀሐይ አቅንታ ልታራግፈው አነሳችውና እንደ ያዘችው ቀረች።

«አባ፣ ወንፊቱ ጨረቃ ያወርዳል» አለች።

ሁላችንም አጎነበስን። ቁርበቱ ላይ፣ በእያንዳንዷ የወንፊት ቀዳዳ ልክ፣ አንዳንድ ትንሽ ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ተኝታለች፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ማን ይቆጥራታል! ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይን መልክ ይዞ ያወርዳልና፣ ክብ መሆን የነበረባት ነጠብጣብ ሁሉ ተነክሳለች። አያ ሞላ ወንፊቱን ከልጁ ነጥቆ አዞረው። ያው ነው። የጎረቤቱን ሴት ወንፊት ተውሶ ያዘ። ያው ነው። በመጨረሻ ጣቶቹን አነባብሮ በመካከላቸው ቁርበቱ ላይ የወረደውን ብርሃን አየ፤ የገዛ እጁም ማጭድ አወረደ። ቁርበቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«የራሴ ወንፊት መሰከረብኝ» አለ። ገበያው በሳቅ ፈነዳ፤ እሱም ሳያስበው አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ወንፊት ያለው ሁሉ ወንፊቱን ዘርግቶ፣ ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት እያየ ፀሐይን ሲመለከት ዋለ።

መርጌታ ሳቁ ሲበርድ ጽጌን ወደ እሳቸው ጠሯት። በልጅነታቸው ያዩትን አነሱላት። ዳዊት እየደገሙ፣ በጥር፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ጠዋት ላይ ነበር። ያኔም ግማሽ አለፍ ብላ ተነክሳ ነበር። ጽጌ ዓመተ ምሕረቱን ስትጠይቃቸው አሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት አሏት። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረችና ቆመች።

«አባቴ፣ ያችው ናት» አለቻቸው።

እንዲህ ብላ አስረዳች። ግርዶሽ ዘር አለው። አንዷ ከታየች ከአሥራ ስምንት ዓመትና ከጥቂት ቀናት በኋላ ያችው ትመለሳለች። ነገር ግን በቀኖቹ ላይ ሲሶ ቀን ትርፍ ስላለ፣ ምድር በዚያ ትርፍ ዞራ ግርዶሿ ሌላ አገር ላይ ትውላለች። ሦስት ጊዜ ስትመላለስ ሲሶዎቹ ሞልተው አንድ ቀን ይሆናሉ፤ ያኔ ወደ እኛው አቅጣጫ ትመጣለች። ይኸውም በሃምሳ አራት ዓመት ከአንድ ወር ግድም ነው።

መርጌታ ፊታቸው በራ። «አበቅቴ ነዋ» አሉ። ባሕረ ሐሳብም ትርፍ ትርፉን እየሰበሰበ፣ ሲሞላ ወደ ወር እየመለሰ ነው ጾምና በዓል የሚያወጣው። «እንግዲህ ያችው ግርዶሽ በልጅነቴ በጠዋት ጠይቃኝ ሄዳ፣ በእርጅናዬ ረፋዱ ላይ ተመልሳ ጠየቀችኝ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልደበቁትም።

አንዱ ሽማግሌ ከዚህ በኋላስ መቼ ትመጣለች ብሎ ጠየቀ። ጽጌ መጋቢት ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት አለችው፤ ያኔ ከቀትር በኋላ ትሆናለች። ያን ዓመት ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በዚህ ዘመን ከሳምንት ወዲያ ያለውን ቀን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም፤ እዚያ ወይራ ሥር ግን የልጅ ልጆቻችን የሚያዩት ቀን ተቆርጦ ተቀመጠ።

አያ ሞላ ሙግተኛ ነውና ዝም አላለም። «ለእሱስ ዋሱ ማነው?» አለ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ መርጌታ። «የዛሬውን አድርሻለሁ፤ አውርዱኝ። ዋስ የሚሆነው የሚደርስ ሰው ነው።»

እዚያ ከተቀመጠው ሽማግሌ የሚደርስ አልነበረም። አያ ሞላ ራሱም በሐሳቡ ሲቆጥር አየሁት፤ አይደርስም። ዓይኑ ገበያውን ዞሮ ዞሮ ወንፊቷን እንደ ያዘች በቆመችው ልጁ ላይ አረፈ። ብዙ ጊዜ አያት።

«ስንዱ ትሁን» አለ። ቀጥሎ ወደ ጽጌ ዞረና «ዋስ መቁጠር ማወቅ አለበት። ሰኞ ትመጣለች። የፋሲካውንም ሠርግ ከሰዎቹ ጋር ተነጋግሬ አስቀረዋለሁ» አላት።

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ መስታወቴን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ለስንዱ ሰጠኋት። ከመጋቢቱ ግርዶሽ በፊት እንዳትሰብረው ስላት አባቷን ሰርቃ እያየች ራሷን ነቀነቀች። ኋላ ጽጌ ቤት የበላሁት ሽሮ ከወልዲያው የሚያንስ ነበር፤ ለእሷ አልነገርኳትም።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ አሸተን ማርያምን ከታች ሆኜ ተሳልሜ፣ በቅሎዋን እየጎተትኩ ቁልቁል ወረድኩ። ሰይድ ባሌስትራውን በጠፍርና በእንጨት አስሮ ይጠብቀኛል። አልጋነሽ በሩቅ አይታኝ እስከ መንገዱ ወረደች። ስለ ፀሐይዋ አልጠየቀችኝም፤ እሷም ገብስ ስትነፋ በወንፊቷ አይታታለች። የጠየቀችኝ ስለ ልጅቷ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ትገባለች አልኳት። በቅሎዋን ከእጄ ተቀብላ ለባሏ አስረከበችና፣ ሰይድን እማኝ አድርጋ፣ ከዋስነቷ ወረደች።

ስንዱ ግን አልወረደችም። እስከ መጋቢት ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ዋስ ናት።